«ምን ብታበያት ነው?» ለሚሉ ሰዎች፣ ልጅ እየሰማ እንዴት ይመለሳል

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰው ወገብና ደረት ስለካ እውላለሁ፤ ስለዚህ ሰዎች ስለ ሰውነት ሲናገሩ የሚመርጧቸውን ቃላት ከብዙዎች ይበልጥ እሰማለሁ። የሁለት ልጆችም እናት ነኝ። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዳለባት ሐኪም ነግሮናል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ቀጭን ነው። ሁለቱም ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ በአንድ ሰዓት ይተኛሉ። በእሷ የተነሳ ስወቀስ እኖራለሁ፤ በእሱ ቅጥነት ግን «እንዴት ብታሳድጊው ነው?» ብሎ ያመሰገነኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ልጅ እንዴት እንደሚቀጥን ለማስተማር አልተነሳሁም፤ ለእሱ ሐኪም አለ። የምጽፈው በልጃቸው ሰውነት የተነሳ ጣት ለሚቀሰርባቸው ወላጆች ነው። ምን ይመልሱ፣ መቼ ዝም ይበሉ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሲሄዱ ምን ይዘው ይግቡ የሚለውን ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህ ነው፦ ለነቃፊው የምትመልሱትን እያንዳንዱን ቃል አጠገባችሁ የቆመው ልጅ ይሰማዋል። መልሱን ለእሱ ጆሮ አዘጋጁት። ነቃፊውን ማሳመን ከተቻለ ጥሩ፣ ካልተቻለም ይቅር።

መጀመሪያ ራሳችሁን አሳምኑ

በልቡ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ያመነ ወላጅ ለሌላ ሰው ደህና መልስ ሊሰጥ አይችልም። ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይለማመጣል። ስለዚህ ጥቂት እውነት መያዝ ያስፈልጋል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1986 አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ በጉዲፈቻ ያደጉ 540 አዋቂዎችን ያጠኑበትን ውጤት አሳተሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ሰው በውፍረቱ የሚመስለው ያሳደጉትን ነው ወይስ የወለዱትን? የወለዱትን ሆኖ ተገኘ። ካሳደጓቸው ወላጆች ውፍረት ጋር ግን ግንኙነት አልታየም። ይህን ለአንዲት ደንበኛዬ ብነግራት «እነዚያ አሳዳጊዎች ስንቱን ወቀሳ በከንቱ ጠጥተውት ይሆን!» አለችኝ። በመንትዮችና በቤተሰቦች ላይ ከተደረጉ ሌሎች ጥናቶች በመነሳትም፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገመታል።

በ1997 ደግሞ በእንግሊዝ ኬምብሪጅ የሚሠሩት ስቲፈን ኦራሂሊ፣ ሳዳፍ ፋሩኪና ባልደረቦቻቸው የሁለት ዘመዳሞች ልጆችን ታሪክ ይፋ አደረጉ። ልጅቷ በስምንት ዓመቷ 86 ኪሎ፣ ልጁ በሁለት ዓመቱ 29 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። የሁለቱም ሰውነት የምግብ ፍላጎትን የሚገታውን ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን በአግባቡ አይሠራም። ሆርሞኑ በመርፌ መሰጠት ሲጀምር ረኀቡ ረገበ፣ ክብደቱም ወረደ። ሌፕቲን ራሱ የታወቀው በ1994 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የነበራት እናት ምን ስትባል እንደኖረች መገመት አያቅትም።

እርግጥ ይህ በሽታ እጅግ ብርቅ ነው። የአብዛኞቹ ልጆች ውፍረት የብዙ ነገር ድምር ነው፦ የተወረሰ ዝንባሌ፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ መሮጫ ቦታ ማጣት፣ በየማስታወቂያው የሚያባብሉ ጣፋጭ መጠጦችና የታሸጉ ምግቦች። አንዳንዴም መድኃኒት አለበት፤ ለአስምና ለመሳሰለው ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዝ ቫልፕሮኤት፣ ለባሕርይ ችግር የሚሰጥ ሪስፔሪዶን ክብደት እንደሚጨምሩ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ1990 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው 2 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 ቁጥሩ 8 በመቶ ደረሰ፣ ይህም 160 ሚሊዮን ያህል ልጅ ነው። ታዲያ በእነዚህ ዓመታት የዓለም እናቶች በሙሉ ተማክረው ሰነፉ?

ወላጅ የሚሠራው የለም አላልኩም። ቤት ውስጥ ምን እንደሚገዛና መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ የምንወስነው እኛ ነን። ነገር ግን የድርሻን መሥራትና የሌላውን ሁሉ ዕዳ መሸከም ለየቅል ናቸው።

ሰው ፊት ሲናገሯችሁ

በአንድ የቤተሰብ ግብዣ ላይ የባለቤቴ አክስት ዓይናቸውን ልጄ ሳህን ላይ ተክለው ቆዩና «ኧረ ይበቃሻል ልጄ! እናትሽስ ዝም ብላ ታይሻለች?» አሉ። ማዕዱ ጸጥ አለ። ልጄ ማንኪያውን አላስቀመጠችም፣ አልጎረሰችበትምም፤ እጇ መሐል ላይ ቀረ። «እትዬ፣ ስትጠግብ ራሷ ታውቀዋለች። የጉዞዎን ታሪክ እኮ ሳይጨርሱልን ቀሩ» አልኳቸው። እሳቸውም ወሬ ስለሚወዱ ወደ ጉዟቸው ተመለሱ፤ ማንኪያውም ወደ አፍ ሄደ።

መልሱ ውስጥ ያለው ነገር ጥቂት ነው። አክብሮቱ አልተጓደለም። ከልጁ ጎን የሚቆም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተነገረ። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ተመራ፣ ያውም ተናጋሪዋ ወደምትወደው። ማብራሪያ የለውም። ብዙ ወላጆች የሚወጠሩት እዚህ ላይ ነው፤ «ቤት ውስጥ እኮ ብዙም አትበላም»፣ «አባቷን ወጥታ ነው»፣ «ሐኪም ቤት እየወሰድናት ነው» እያሉ ይደረድራሉ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአደባባይ ምስክር የምትደረድሩ ከሆነ ችሎቱን ተቀብላችኋል ማለት ነው፤ ልጁም የተከሰሰው የእሱ ሰውነት እንደሆነ ይገባዋል።

እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መመለስም ያው ነው። ነቃፊው ያፍር ይሆናል፤ ልጁ ግን በእሱ የተነሳ ዘመድ እንደተጣላ ይቆጥረዋል። ቁጣችሁን ለኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ለመነጋገር አቆዩት። አንዳንድ ሰው ቁጣ ይገባዋል፣ አልክድም።

ቃል አፍ ላይ የሚገኘው አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነው። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው፦

ለማላውቀው ሰው፦ «ስለ ልጄ ሰውነት ከማላውቀው ሰው ጋር አልነጋገርም።» ድምፅ ሳይነሳ፣ እየተራመዱ።

ለወዳጅ፦ «እንደምታስቢላት አውቃለሁ። እሷ ባለችበት ግን የክብደት ነገር አይነሳ።»

ልጅ በሌለበት ምክር ለሚያዘንብ፦ «ሐኪሟ ይከታተላታል፤ አመሰግናለሁ።» ከዚህ አንድ ቃል አትጨምሩ። ከጨመራችሁ ስለ አንድ ቅጠል ወይም ስለ አንድ ዱቄት እስኪመሽ ትሰማላችሁ።

«ውይ ቀጠንሽ፣ ጎበዝ!» ለሚላት፦ «አዲሱን ሥዕሏን አሳየችሽ?» ሙገሳውም ቢሆን ወጥመድ ነው። ዛሬ በመቅጠኗ ጎበዝ የተባለች ልጅ ክብደቷ ሲመለስ ምን እንደምትባል ከወዲሁ ታውቀዋለች።

ከንፈር የሚመጡትንና በዓይን የሚለኩትን ተዉአቸው። ላልተነገረ ነገር መልስ የሚሰጥ ሰው መውጫ የለውም።

ወደ ቤት ስትመለሱ ግን ዝም አትበሉ። «እትዬ ያሉት ነገር ምን ተሰማሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጠብቁ። «አትስሚያቸው» አይበቃም፤ ሰምታለችና። «ያሉት ልክ አልነበረም» ቢባል ይሻላል፤ ቢያንስ ፍርዱን ከእናቷ አፍ ትሰማለች።

አንድ ነገር ለብቻው ላንሳ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው አንዳንድ ልጆች አንገት ዙሪያና ብብት ሥር ቆዳው ይጠቁራል፣ ይወፍራል። «አንገቷን አታጥቢያትም እንዴ?» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። ቆሻሻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊን ለተባለው ሆርሞን በደንብ አልታዘዝ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። በሳሙናና በመፋቂያ አይለቅም፤ መፈግፈግ ቆዳውን ያቆስለዋል እንጂ። ለሐኪም አሳዩት፤ ለጠያቂው «የቆዳ ምልክት ነው፣ ሐኪም ያውቀዋል» በሉት።

በቤተሰብ መካከል

ከውጭ የሚመጣው ወቀሳ የሚያይለው ቤት ውስጥ አጋዥ ሲያገኝ ነው። ባል ሚስትን «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት»፣ ሚስት ባልን «መጠጡን የምታመጣው አንተ ነህ» ማለት ከጀመሩ ልጁ መሐል ይገባል። እኔና ባለቤቴ የተስማማነው ስለ ምግብና ስለ ክብደት ልጆች ከተኙ በኋላ ብቻ ለመነጋገር ነው። ሌላም አለ። ልጄ ከአባቷ ጋር ስትወጣ ሰው ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል፤ ከእኔ ጋር ስትወጣ ስለ ምግቧ። ስለዚህ አብረን ባለን ጊዜ መልሱን እሱ ይስጥ ብለናል። አባት ሲናገር ነገሩ ቶሎ ይዘጋል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን ይሠራል።

አያቶችን በሰው ፊት አታርሙ። ብቻቸውን ስታገኟቸው ሥራ ስጧቸው፦ «እማዬ፣ አንቺ የምትነግሪያትን ከማንም ይበልጥ ታምናለች። ስለ ሰውነቷ የሚናገር ሰው ሲመጣ አንቺ ዝም አሰኚልኝ።» የእኔ እናት ይህ ከተነገራት ወዲህ ጠበቃ ሆናለች፤ አንዳንዴም ከሚያስፈልገው በላይ።

ሐኪም ቤት

ብዙ ወላጆች ከዘመድ ነቀፌታ ይልቅ የሚፈሩት የጤና ባለሙያን ነው። አንዱ ልጄን ሳያያት እኔን ከራሴ እስከ እግሬ አይቶ «እርስዎ ካልጠነከሩ ልጅቷ ምን ታድርግ?» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ቀጠሮ መተው ይመኛል። አትተዉ፤ ስኳሩ፣ የደም ግፊቱና ጉበቱ መታየት አለባቸው። ሌላ ባለሙያ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው መግለጫ፣ ሐኪሞች የማይወቅሱ ቃላት እንዲጠቀሙና ልጆቹም ሆኑ ቤተሰቦቻቸው የማይሸማቀቁበት የሕክምና ቦታ እንዲፈጥሩ አሳስቧል። የምትጠይቁት የተለየ ውለታ አይደለም።

ከመግባታችሁ በፊት ለነርሷ ሁለት ነገር ንገሯት፦ ልጁ ሌላ ሰው በማያይበት ይመዘን፣ ቁጥሩም ይጻፍ እንጂ ጮክ ተብሎ አይነበብ። ይህን ከሙያዬ ተምሬዋለሁ። ስለካ የወገብ ቁጥር አልጠራም፤ ዝም ብዬ ጽፌ ሜትሩን እጠቀልላለሁ። ቁጥር የሚጠራ ሰፊ ቤት ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

ማስታወሻ ይዛችሁ ግቡ። ክብደቱ መጨመር የጀመረው መቼ እንደሆነ፣ በዚያ ጊዜ የተጀመረ መድኃኒት መኖሩን፣ የእንቅልፉን ሰዓት፣ በቤተሰብ ውስጥ ስኳር በሽታ መኖሩን ጻፉ። እነዚህን ደግሞ ሳይጠየቁም ተናገሩ፦ ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ መቆሙን (የሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል)፣ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው የጀመረ የማይጠግብ ረኀብ መኖሩን (የዘር ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል)፣ በእንቅልፉ ማንኮራፋቱንና ትንፋሹ ቆም ማለቱን። ወቀሳ ከጀመረ «ይህን ሰምቻለሁ፤ አሁን የትኛውን ምርመራ ነው የምናደርገው?» ብላችሁ መልሱት። ጥያቄው ጨዋ ነው፣ ባለሙያውንም ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ግቡንም ጠይቁ። ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው ግብ ኪሎ መቀነስ ላይሆን ይችላል። ልጅ የሚመዘነው ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ቁመቷ 145 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 52 ኪሎ የሆነች ልጅ ንጽጽሯ (ኪሎዋ በሜትር ለተለካ ቁመቷ ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 24.7 ይሆናል። አንድም ኪሎ ሳትቀንስ 155 ብትደርስ 21.6 ላይ ትወርዳለች። ይህን ስሌት ሐኪማችን ወረቀት ላይ ሲሠራልኝ ነው ትከሻዬ የቀለለኝ፤ ዘመድ ሁሉ «ምን ያህል ቀነሰች?» ሲለኝ ከርሞ ነበርና።

ልብስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ነውና። «ልጅቷን እንዴት እንዳለበሰቻት!» የሚለው ሐሜት ከ«ምን ብታበያት» አይተናነስም። የሚጠብ ልብስ የለበሰ ልጅ ብብቱን እየጎተተ፣ ሸሚዙን ከሆዱ እያላቀቀ ይውላል፤ ሰው የሚያየውም ያንን እንቅስቃሴ ነው። በጣም ሰፊ ልብስ ደግሞ መደበቂያ መሆኑ ይታወቃል። ወፍራም ልጅን በዕድሜ ቁጥር አትግዙለት፤ የአዋቂ ልብስ ገዝቶ ማሳጠርም ብዙ ጊዜ አያምርም፣ ትከሻው ይወርዳልና። ደረቱን ለክታችሁ ግዙ፤ እጅጌና ቁመቱን አሳጥሩ። ሱሪ ላይ ከኋላ ላስቲክ፣ ከፊት ቁልፍ ይሁን፤ ከፊት ሲታይ ከጓደኞቹ ሱሪ አይለይም፣ ሲቀመጥም ሆዱን አይቆርጠውም። ለሰፊ የምትሰጡ ከሆነ በጎንና በጎን ትርፍ ጨርቅ ይተውላችሁ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ በልኩ ከሌለ ጨርቁን ጠይቃችሁ አሰፉት፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ብቸኛው የተለየ ልብስ ለባሽ እንዳይሆን። ደግሞም ቀለም አትከልክሉት። «ጥቁር ያቀጥናል» እያሉ የአሥር ዓመት ልጅን ሐዘንተኛ የሚያስመስሉ እናቶች ሱቄ ይመጣሉ፤ ቢጫውን ጨርቅ ወደ ልጅቷ ገፋ አደርገዋለሁ።

ትምህርት ቤት

በ1961 አሜሪካ ውስጥ 10 እና 11 ዓመት ለሆኑ ልጆች የስድስት ልጆች ሥዕል ታይቶ ማንን እንደሚወዱ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ተጠየቁ። ከሥዕሎቹ አንዱ በክራንች የሚሄድ፣ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ፣ አንዱ እጅ የሌለው፣ አንዱ ፊቱ ላይ ጉዳት ያለበት ነበር። የመጨረሻውን ቦታ ያገኘው ወፍራሙ ልጅ ነው። ያው ስታንካርድና ጃኔት ላትነር በ2003 ሲደግሙት ወፍራሙ ልጅ ይበልጥ ተጠልቶ ተገኘ። ስለዚህ መምህሩ «ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል» ቢል አትቀበሉ።

መምህሩን ብቻውን አግኙት፤ የጠየቃችሁትም ተግባር ይሁን። ስድብ ሲሰማ እንደማንኛውም ስድብ ያስቁመው። በክፍል ፊት መመዘን አይኑር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች እየመረጡ ቡድን ከሚመሠርቱ መምህሩ ራሱ ይደልድል። ስድቡን ቀኑንና ቃሉን እየጻፋችሁ ያዙ፤ «ይሰድቧታል» ከማለት የተጻፈ ወረቀት ይደመጣል።

ስለ ክብደት ቤት ውስጥ ማውራት

በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ወላጆቻቸው ስለ ክብደታቸው የሚያወሯቸው ወጣቶች ለጎጂ የምግብ ቅነሳ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን፣ ስለ ጤናማ ምግብ ብቻ በሚወራበት ቤት ግን ይህ መቀነሱን አሳይቷል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ለውጡ ለቤቱ ሁሉ ይሁን፣ ለአንድ ልጅ የተለየ ሳህን አይቅረብ። ቀጭኑ ልጄም ጣፋጭ መጠጥ ቤት ውስጥ አያገኝም። ተቆጥቷል፣ ይለምደዋል። ስለ ራሳችሁ ሰውነት በመስታወት ፊት የምትናገሩትንም ቀንሱ።

ሕክምና የጀመራችሁ እንደሆነ

ክብደት ለመቀነስ በመርፌ ከሚሰጡ መድኃኒቶች መካከል ሊራግሉታይድ በ2020፣ ሴማግሉታይድ በ2022 መጨረሻ ላይ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ወደፊት ሐኪም ይህን ሊያነሳላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ወቀሳው አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ትናንት «ዝም ብላ ታያለች» ያለው ሰው ዛሬ «ሕፃን ልጇን መርፌ አስወጋች» ይላል። ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪሙ ጋር መዝኑ፤ ወሬውን ግን መረጃ በመቆጠብ ታስቀሩታላችሁ። ማወቅ ያለባቸው ሦስት ወገኖች ናቸው፦ ልጁ ራሱ፣ ቤት ውስጥ የሚንከባከቡት፣ እንዲሁም ማቅለሽለሽና ማስመለስ ስለሚያጋጥም ልጁ ከክፍል መውጣት ቢፈልግ እንዲፈቅድለት የክፍል ኃላፊው መምህር። ለዘመድ መንገር አለመንገሩን ልጁን ጠይቁት። ልጄ ባይመለከታትም ጠይቄያት ነበር፤ «ለአያቴ ብቻ» አለች።